ስለ አይሮፕላን ልባጥና ስለ ሠራተኛው ጤና



አይሮፕላን ከመሬት ሲነሣ የተመልካች ዓይን የሚከተለው ክንፉንና ሞተሩን ነው። በአካሉ ላይ የተቀባውን ቀለም ሰው የሚያየው ለጌጡ ወይም የባለቤቱን ስም ለማወቅ ነው። ዳሩ ግን ከዚያ ከሚታየው ቀለም ሥር ተሳፋሪ የማያየው፥ ከወረቀት የሚሳሳ፥ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫነት የሚያደላ አረንጓዴ መልክ ያለው ሌላ ልባጥ አለ። አይሮፕላኑን ለብዙ ዓመታት ከዝገት ጠብቆ የሚያኖረው ይህ የሥር ቀለም ነው። የዛሬው ንግግር ምንን እንደሚጠብቅ፥ ማንን እንደ ጎዳ፥ በምንስ በመተካት ላይ እንደሚገኝ ያስረዳል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ እንዳይመስል ከኢትዮጵያ ጎረቤት ከጁባ መጀመር ይገባል። ጁባ ባሕር ኤል ጀበል በሚባለው በነጭ ዓባይ ዳር፥ ከባሕር ወለል 460 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቈረቈረች ቈላማ ከተማ ናት። ዝናሟ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በእነዚያ ወራት ከከተማዪቱ ወደ ልዩ ልዩ ክፍላተ አገር የሚወስደው የአፈር መንገድ በብዙ ስፍራ በጭቃ ይቋረጣል። ስለዚህ እህሉም፥ መድኃኒቱም፥ ሐኪሙም በአየር የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ አይሮፕላኖች ከጁባ ተነሥተው ወደ ገጠሩ ይበራሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአዲስ አበባና በጁባ መካከል ይመላለሳል። እንዲህ ላለች ከተማ የአይሮፕላን አካል ጤንነት የቅንጦት ነገር ሳይሆን የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

ጁባ ከአይሮፕላን ጋራ የተዋወቀችው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ከካይሮ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚዘረጋው የእንግሊዝ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ መሥመር በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። በ1939 ኮርሴር የተባለው በውሃ ላይ የሚያርፍ አይሮፕላን ከዩጋንዳ ወደ ጁባ ሲመጣ መንገድ ስቶ በዚያን ጊዜው ቤልጅክ ኮንጎ፥ በፋራጄ አጠገብ ከወንዝ ላይ ዐረፈ። ሆዱን ድንጋይ ቀደደው፤ ከብዙ ድካም በኋላ ተጠግኖ ከወንዙ የተነሣው በ1940 መጀመሪያ ነበር። የዚያ አይሮፕላን ሆድ ከቀላል ላሜራ የተሠራ ነው። ቀላል ላሜራና ውሃ እንዴት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ መሐንዲሶችን እጅግ ያስጨነቃቸው በተለይ በውሃ ላይ በሚያርፉ አይሮፕላኖች ዘመን ነው።

አሉሚኒየም በርካሽ ሊመረት የቻለው አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ ሳይተዋወቁ፥ በየፊናቸው፥ በ1886 በኤሌክትሪክ የማውጣቱን ዘዴ ካገኙ በኋላ ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም ከአየር ጋራ እንደ ተገናኘ ስስ የኦክሳይድ ልብስ ይለብሳል፤ ልብሱም የውስጡን አካል ይጠብቀዋል። ነገር ግን ንጹሑ አሉሚኒየም ልል ስለ ሆነ የአይሮፕላን ክንፍ ሊሆን አይችልም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም በ1906 ባደረገው ምርምር፥ አሉሚኒየም ከአራት በመቶ ያህል መዳብና ከጥቂት ማግኒዚየም ጋራ ከተቀላቀለ፥ ከጋለና በድንገት ከቀዘቀዘ በኋላ፥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየጠነከረ መሄዱን አስተዋለ። ቅይጡ ዱራሉሚን ተባለ። አይሮፕላን ከእንጨትና ከሸራ ወደ ላሜራ እንዲሻገር ያስቻለው በዋናው ይህ ግኝት ነው።

ብርታትን የሰጠው መዳብ ግን ጥፋትንም ይዞ መጣ። በቅይጡ ውስጥ መዳብ የበዛባቸው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ። ጨው ያለበት እርጥበት በደረሰባቸው ጊዜ ቅንጣቱና በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ልክ አስተማሪ በክፍል ውስጥ እንደሚያሳየው ባትሪ ይሆናሉ። አሉሚኒየሙ ይሟሟል፥ ቅንጣቱ ይቀራል፥ ጕድጓድ ይቈፈራል። ይህ ዝገት እንደ ተራ ብረት ዝገት ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ነጭ ዱቄት ነው። ብዙ ጊዜም በቀለም ሥር ወይም ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በሪቬት በተያያዘበት ስፍራ ተሸሽጎ ስለሚሄድ የመርማሪን ዓይን ያታልላል።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል ቢባል ከዝናም ብቻ አይደለም። ከጁባ ሙቀት የተነሣ አይሮፕላን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውሃ ከሚረጋበት ብርድ በታች ወደ ሆነ አየር ይወጣል። የቀዘቀዘው ላሜራ የተሳፋሪውን ትንፋሽ በውስጥ በኩል ወደ ውሃ ይለውጠዋል፤ ውሃውም በጎኑ እየተንጠባጠበ ከወለሉ ሥር ይጠራቀማል። ከኩሽና የፈሰሰው ቡናና ከመጸዳጃ ቤት የሚያፈስሰው ውሃ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። አሮጌ አይሮፕላን ሲመረመር ሠራተኞች አስቀድመው ሆዱን የሚከፍቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ደዌ ሦስት መድኃኒቶች ተራ በተራ ተገኙ። በ1923 እንግሊዛውያኑ ቤንጎና ስቱዋርት የዱራሉሚንን ክፍሎች ከባሕር ውሃ ለመጠበቅ በክሮሚክ አሲድ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል የኦክሳይዱን ልብስ የሚያወፍሩበትን ዘዴ አወጡ። ቀጥሎም በ1927 አሜሪካዊው ኤድጋር ዲክስ ብርቱውን ቅይጥ በንጹሕ አሉሚኒየም ስስ ገጽ የሚለብጥ ላሜራ፥ አልክላድ የተባለውን፥ ለዓለም አስተዋወቀ። ሦስተኛው ክሮሜት የተቀላቀለበት የሥር ቀለም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አይሮፕላኖች በብዛት የተቀቡት ዚንክ ክሮሜት በሚባለው ቢጫማ አረንጓዴ ቀለም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገበት ሲ-47 አይሮፕላንም የዚያው ትውልድ ነው።

የክሮሜት ብልኀት ከሌላ ቀለም ሁሉ ይለያል። ተራ ቀለም ግድግዳ ነው፤ ከተጫረ ጠላት በተጫረው በኩል ይገባል። ክሮሜት ግን ቀለሙ ሲጫር ከገባው እርጥበት ጋራ በጥቂቱ ይሟሟል፤ ወደ ተራቈተው ስፍራም ይሄዳል፤ በዚያም ወደማይሟሟ ኦክሳይድ ተለውጦ ቍስሉን ይሸፍናል። ራሱን በራሱ የሚያክም ልባጥ ነው ማለት ይቻላል። መሐንዲሶች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሊለዩት ያልፈለጉት ስለዚህ ነው።

ጥበቃው በጐደለ ጊዜ የሚሆነውን ደግሞ በ1988 በሃዋይ ደሴቶች የደረሰው አደጋ ያስረዳል። 89,680 በረራ የፈጸመ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ሲበር፥ በ24,000 ጫማ ከፍታ ላይ ከአምስት ሜትር በላይ የሚሆን የጣሪያው ላሜራ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት አስተናጋጅ በነፋስ ተወስዳ ሞተች፤ አብራሪዎቹ ግን አይሮፕላኑን በማዊ ደሴት አሳርፈው የቀሩትን 94 ሰዎች አተረፉ። ምርመራው እንዳሳየው ላሜራዎቹ በሙጫ የተጣበቁበት መገጣጠሚያ ተላቆ፥ እርጥበት ገብቶበትና ዝጎ፥ በሪቬቶቹ ዙሪያ ከድካም ብዛት ስንጥቅ ተፈጥሮ ነበር፤ የጥገናው ሥርዓትም ይህን ሳያይ ቀረ። እንግዲህ ስለ ልባጥ የሚነገረው ሁሉ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሌላው ገጽ መሻገር ያስፈልጋል። ክሮሚየምን በ1797 ከሳይቤሪያ ከመጣ ቀይ ማዕድን ያገኘው ፈረንሳዊው ቮክላን ነው፤ ስሙም ቀለም ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ ውሑዶቹ ብዙ ዐይነት ቀለም አላቸውና። ቢጫውና ብርቱካናማው ክሮሜት የክሮሚየም ቫለንሲ ስድስት የሆነበት ነው፤ አረንጓዴው ኦክሳይድ ደግሞ ሦስት የሆነበት ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው የጠባይ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ክሮሜት በቅርጹ ሰልፌትን ስለሚመስል፥ የሰውነት ሕዋስ ሰልፌትን በሚያስገባበት በር እንደ ወዳጅ መስሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ወደ ሦስት ቫለንሲ ሲለወጥ የዘር ባሕርይን የተሸከመውን ዲ.ኤን.ኤ. ይጎዳል። ባለሦስት ቫለንሲው ክሮሚየም ግን በዚያ በር በቀላሉ አያልፍም።

ሐኪሞች ይህን ጉዳት ማየት የጀመሩት ምክንያቱ ከመታወቁ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው። በ1827 በስኮትላንድ፥ በግላስጎ ከተማ፥ በክሮሜት ሥራ ላይ በዋሉ ሰዎች እጅ ላይ የሚወጣው ጥልቅ ቍስል ተጽፎ ተገኘ። በኋላም በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ግድግዳ በሠራተኞቹ ላይ እንደሚበሳ ታወቀ፤ ቀጥሎም የሳንባ ነቀርሳ። በ1990 ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ባለስድስት ቫለንሲ ክሮሚየምን ሰውን በእርግጥ ነቀርሳ ከሚያሲዙት ነገሮች ክፍል መደበው።

በዚህ ስፍራ ፍርሃት ከልክ እንዳያልፍ ማስተዋል ይገባል። ደርቆ በላሜራው ላይ የተጣበቀው የሥር ቀለም በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ተሳፋሪ አይጎዳም። አደጋው ያለው ቀለሙ በመርጫ ሲረጭ፥ አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ፥ ላሜራው ሲበሳና ሲቈረጥ፥ የታጠበበትም ውሃ ወደ ወንዝና ወደ መሬት ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ሸክሙ የሚያርፈው በስም በማይታወቀው ሠራተኛ ላይ ነው። ተሳፋሪው በሰላም ይገባል፤ የሰላሙን ዋጋ ግን ሌላ ሰው በሳንባው ይከፍላል። ጥያቄው የኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የፍርድም መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

መንግሥታትም ይህን ጥያቄ በሕግ ለመመለስ ሞክረዋል። በአሜሪካ በ2006 በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ሊገኝ የሚፈቀደው የዚህ ክሮሚየም መጠን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ከ52 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ ተደረገ። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ትልልቅ አይሮፕላኖች የሚቀቡበት ሥራ ግን ልዩ ድንጋጌ ወጣለት፤ አየር ማስወጫው እስከ 25 ማይክሮግራም ካወረደው፥ የቀረውን ሠራተኛው በሚያጠልቀው የመተንፈሻ መሣሪያ እንዲከላከል ተፈቀደ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ክሮሚየም ትሪኦክሳይድ ከ2017፥ ስትሮንቲየም ክሮሜትም ከ2019 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራባቸው ተወሰነ፤ ለአይሮፕላን ሥራም ፈቃዱ በየጊዜው ሲሰጥ ቈይቷል። ሕግ አውጪው በአንድ እጁ ከልክሎ በሌላው መፍቀዱ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። በሁሉ ስፍራ ክሮሜትን የሚተካ የታመነ ልባጥ ገና አልተገኘም ነበርና ነው።

ተተኪዎቹ ግን በየጊዜው እየበዙ ነው። በክሮሚክ አሲድ ፈንታ ቦሪክና ሰልፈሪክ አሲድ ተቀላቅለው የኦክሳይዱን ልብስ እንዲያወፍሩ የሚያደርገው ዘዴ በ1990 በቦይንግ ስም የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በአውሮፓም ከወይን ፍሬ የሚታወቀው ታርታሪክ አሲድ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋራ ለዚሁ አገልግሎት ውሏል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል ተመራማሪዎች ባለሦስት ቫለንሲውን ክሮሚየም ከዚርኮኒየም ጨው ጋራ አድርገው ላሜራውን የሚያዘጋጁበትን ፈሳሽ አበጁ። ዚርኮኒየምና ሲሊኮን ያለበት፥ በአንድ በኩል ከላሜራው በሌላው በኩል ከቀለሙ ጋራ የሚተሳሰር ስስ ልባጥም አለ።

ለሥር ቀለሙም እንዲሁ ልዩ ልዩ መንገድ ተፈልጓል። በሰሜን ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ምርምር የማግኒዚየም ዱቄት የበዛበትን ቀለም አስገኘ፤ ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሟሟ ራሱን ቤዛ አድርጎ ላሜራውን ያተርፋል። በሆላንድ የተመረመረው የሊቲየም ጨው ደግሞ ልክ እንደ ክሮሜት ከቀለሙ እየወጣ በተጫረው ስፍራ መከላከያ ገጽ ይሠራል። እንደ ሴሪየምና ፕራሴዮዲሚየም ያሉት ብርቅ ማዕድናትም ተሞክረው ሥራ ላይ ውለዋል። በብረት ቡሎኖች ላይ የሚለበጠውን መርዛማ ካድሚየም ደግሞ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ በብዙ ስፍራ ተክቶታል።

ይሁን እንጂ አዲስ ልባጥ ዛሬ ተገኝቶ ነገ ክንፍ ላይ አይቀባም። አስቀድሞ ቀለሙ ሆን ተብሎ በመስቀለኛ ተጭሮ፥ 35 ዲግሪ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ አምስት በመቶ ጨው ያለበት ውሃ እንደ ጉም ይነፋበታል። ይህም ሁለት ሺህ ሰዓት፥ ማለት 83 ቀንና ሌሊት፥ ወይም ከዚያም በላይ ሊቈይ ይችላል። ቢያልፍም እንኳ ፈተናው አያበቃም፤ ሣጥን ሰማይን ሙሉ በሙሉ አይተካምና ናሙናው በባሕር ዳር ለዓመታት ይሰቀላል። የተፈታኙ ትዕግሥት ተገቢ ነው። ምክንያቱም የሥር ቀለም ድክመት የሚታወቀው ከተቀባ ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ፥ ቀቢው ከረሳው በኋላ ነውና።

አንዳንዱ ሰው አዲሶቹ አይሮፕላኖች ከካርቦን ጭረት ስለሚሠሩ የዝገት ነገር አብቅቷል ይል ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ሥሪት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ካርቦን ከአሉሚኒየም ጋራ እርጥበት ባለበት ሲነካካ እንደ መዳብ ሆኖ አሉሚኒየሙን ያስበላዋል። ስለዚህ መሐንዲሶች በብዙ መገጣጠሚያ ላይ ቲታኒየም ያገባሉ፤ አሉሚኒየም በቀረበትም ስፍራ ልባጥ አልቀረም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የተሳፋሪን ደኅንነት በሠራተኛ ሳንባ መግዛት አይገባም፤ የሠራተኛንም ጤና ባልተፈተነ ቀለም ለመጠበቅ ተሳፋሪን ለአደጋ መስጠት አይገባም። የታመነ ተተኪ በተገኘበት ስፍራ ክሮሜት ይቅር፤ ባልተገኘበት ስፍራ ሥራው ይታጠር። መታጠር ማለትም አየር በሚያስወጣ ክፍል መርጨት፥ አቧራ እንዳይነሣ ቀለሙን እያራሱ መፋቅ፥ ተገቢውን የመተንፈሻ መሣሪያ ማጥለቅ፥ ሳይታጠቡ እህል አለመቅመስ፥ የሥራውንም ልብስ ወደ ልጆች ቤት ይዞ አለመግባት ነው። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ለዚህ አይበቃም።

ይህ ነገር በምሥራቅ አፍሪካ የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል። አይሮፕላን ዕድሜው ረጅም ነው፤ በሌላ አገር ያገለገለው ወደዚህ ክፍለ ዓለም መጥቶ ብዙ ዓመት ይሠራል። በአውሮፓ ቀለሙ ዛሬ ቢከለከልም ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀባው ቀለም ከላሜራው ጋራ ይጓዛል፤ የሚፋቀውም በደረሰበት አገር ነው። ከዚህም ሌላ፥ አይሮፕላን ሲያረጅ ላሜራው ለቍርጥራጭ ሊሸጥ ይችላል። በአፍሪካ ከተሞች የወዳደቀ አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት የሚሠሩ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ቢጫማ አረንጓዴ የሥር ቀለም ያለበትን የአይሮፕላን ላሜራ የሚፍቅ ወይም ወደ እሳት የሚጨምር ሰው ምን እንደያዘ የሚነግረው ከሌለ በሽታውን የሚያገኘው ሳያውቅ ነው። እርሱን ማስተማር የማን ፋንታ ነው?

የአስተማሪ ፋንታ የሚጀምረው ከራሱ ቁም ሣጥን ነው። በብዙ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ብርቱካናማ የፖታሲየም ዳይክሮሜት ጠርሙስ ይገኛል፤ ይህ ከአይሮፕላኑ የሥር ቀለም ጋራ የአንድ ቤተ ሰብ ነው። አሞኒየም ዳይክሮሜትን ከምሮ አቀጣጥሎ እሳተ ገሞራ ማሳየትም የቆየ የክፍል ትርኢት ነው። ብርቱካናማው ክምር ወደ አረንጓዴ አመድ ሲለወጥ ተማሪው ይደሰታል፤ ነገር ግን ሳይለወጥ የቀረው ብናኝ ከጢሱ ጋራ ተነሥቶ የሚገባው በዚያው በተደሰተው ተማሪ አፍንጫ ነው። ስለዚህ ትርኢቱ በሥዕል ቢታይ ይበቃል፤ ጠርሙሱም ስሙና አደገኛነቱ ተጽፎበት በቍልፍ ይቀመጥ፤ ትራፊው በማጠቢያ ገንዳ አይፍሰስ።

አስተማሪው ልዩነትንም ያስተምር። በሞጆና በሌሎች ከተሞች በሚገኙ የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም በመሠረቱ ባለሦስት ቫለንሲው ነው፤ ይህም ቢሆን በዝርክርክነት ወደ ወንዝ መለቀቅ የለበትም፤ ሁኔታው ከተመቸው ወደ ስድስት ሊለወጥ ይችላልና። ተማሪ ቫለንሲን እንደ ባዶ ቍጥር በቃሉ ከሚሸመድድ፥ ሦስትና ስድስት በሰው ሳንባ ውስጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ ቢያውቅ ትምህርቱ ከልቡ አይጠፋም።

ለዝገቱም ትምህርት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሁለት ብርጭቆ የጨው ውሃ፥ ሁለት የአሉሚኒየም ቍራጭና አንድ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። አንዱ ቍራጭ ብቻውን፥ ሌላው በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ በውሃው ውስጥ ይቀመጥ። ከጥቂት ቀናት በኋላ መዳብ የነካውን አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ሲሸፍነውና ሲበላው ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያዩታል። ቀጥሎም ሦስተኛ ቍራጭ በቀለም ተቀብቶ፥ በምስማር ተጭሮ፥ ሽቦው በተጫረው ላይ ተጠምጥሞ ይጨመር፤ ልባጥ ለምን እንደሚያስፈልግና ተራ ቀለም ለምን እንደማይበቃ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነገ በቦሌ ሐንጋር ውስጥ የቀለም መርጫ ይይዝ ይሆናል፤ አንዱ በጁባ አይሮፕላን ይጠግን፥ አንዱም በትንሽ ጋራዥ አሮጌ ላሜራ ይፍቅ ይሆናል። በእጁ የያዘውን ቀለም ስምና ጠባይ አውቆ አለቃውን ተገቢውን መሣሪያ እንዲጠይቅ የሚያበቃው ከጥቍር ሰሌዳው የሚሰማው ቃል ነው። ያንን ቃል በጊዜው መናገር የመምህራን ዕዳ ነው።